«ደህና ነው ብለዋል»

«ነይ ቅረቢ እንጂ፤ ምን በር ላይ ያስቆምሻል?» አላት ገድሉ ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆኖ። ፈገግ ለማለት እየሞከረ ነበር። «ሁለት ጣት ነው የሄደው። ዓይኔ ቢሆን ኖሮስ? ተመስገን በይ።»

«ተመስገን» አለች ሔራን። ድምፅዋ ለራሷም በደንብ አልተሰማትም።

ገድሉ የእናቷ ወንድም ነው። ግራ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከአልጋው ማዶ አያቷ አባባ ወልደ ጻድቅ ተቀምጠው፣ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ጭናቸው ላይ ይዘዋል። በፎጣው ውስጥ ከፈነዳው ጠመንጃ የተገነጠለ የአፈሙዝ ብረት አለ።

ጠመንጃው የአያቷ አባት ንብረት ነበር። ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ሲሆን ቁንዝላ ባለው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ዘንድሮ ጉማሬ ከጣና እየወጣ በቆሎውን ሲፈጅባቸው ገድሉ አውርዶ ወለወለው፤ ማስፈራሪያ እንዲሆነው አዲስ ጥይትም ፈልጎ አገኘ። ለመተኮስ ግን ፈራ። ባሕር ዳር ለምትማረው ለሔራን ደወለ።

«ፎቶውን ልኬልሻለሁ። ጠመንጃ የሚጠግኑ አቶ መርስዔ ኀዘን የሚባሉ ሰው እዚያው ባሕር ዳር ገበያው አጠገብ አሉ። አሳዪያቸውና፣ ይህን ያህል ያረጀ ጠመንጃ በአዲስ ጥይት ቢተኮስ ችግር አለው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ። እሳቸው ያውቃሉ።»

ሔራን እሺ አለች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ግን ጓደኛዋ ዘይነት እጇን ይዛ ጎተተቻት። የክፍላቸው ልጆች ሐይቁ ዳር ሊገናኙ ነበር።

«የምን ጠመንጃ? ባክሽ አታካብጂ! ነገ ትጠይቂያለሽ» አለቻት ዘይነት እየሳቀች።

በማግስቱ ፈተና ነበር። ከዚያ ረሳችው። ገድሉ መልሶ ሲደውል ደግሞ አልጠየቅሁም ማለት አሳፈራት። «ጠይቄያቸዋለሁ፤ ደህና ነው ብለዋል» አለች። ድሮ ሲተኮስ የኖረ ጠመንጃ ዛሬ ምን ይሆናል ብላ ነበር።

አሁን አያቷ ፎጣውን ይዘው ከወንበራቸው ተነሡ።

«እኒያን ሰው ሳላናግር ቁንዝላ አልመለስም። እንዲህ ያለውን ጉድ ደህና ነው ብሎ ሰው ላይ መፍረድ ምን ማለት ነው? ሔራን፣ ቤታቸውን አሳዪኝ።»

ሔራን እዚያው መናገር ትችል ነበር። ገድሉ ግን እያያት ነው። ቦርሳዋን አንሥታ ተከተለቻቸው።

ባጃጁ ገበያው አጠገብ ሲያወርዳቸው ወዴት እንደምትታጠፍ አላወቀችም። አንድ ባለሱቅ ጠይቃ ስትመለስ አያቷ ግራ ተጋብተው አዩዋት።

«ባለፈው መጥተሽ አልነበር?»

«በሌላ በኩል ነው የመጣሁት» አለች። ፊቷ ጋለ።

አቶ መርስዔ ኀዘን ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። የጠባብ ክፍላቸውን አንዷን ወንበር ለአባባ ወልደ ጻድቅ ለቀቁላቸውና ብረቱን ወደ በሩ ወስደው በብርሃን አገላበጡት።

«ይህን እንደ ጥልፍ ያለውን መስመር ያዩታል? የድሮ አሠራር ነው። ቀጭን ብረት እየጠመዘዙ፣ እየቀጠቀጡ የሠሩት። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬን ጥይት ግፊት አይችልም። ውስጡንም ዝገት በልቶታል። ከውጭ ስለተወለወለ ደህና ይመስላል እንጂ የሚተኮስ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ደህና ነው አሉ?» አሉ አባባ ወልደ ጻድቅ።

«እኔ?»

«ይህች የልጅ ልጄ ፎቶውን አሳይታዎት የለም? እርስዎን አምኖ ነው ልጄ የተኮሰ። ሁለት ጣቱን አጣ።»

አቶ መርስዔ ኀዘን ሔራንን ትክ ብለው አዩዋት። ይህችን ልጅ አላውቃትም እስኪሉ ጠበቀች። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ ቀስ ብለው። «መርሳትም ጀምሬያለሁ። በስልክ አሳይታኝ እንዲያ ብዬ ይሆን?» ብረቱን ለአባባ ወልደ ጻድቅ መለሱላቸው። «ብዬ ከሆነማ የልጅዎን ጣት የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ይህን ሥራ መንካት የለብኝም። ይቅር ይበሉኝ» ብለው ወደ አያቷ ጉልበት ጎንበስ ማለት ጀመሩ።

«አልመጣሁም!» አለች ሔራን።

ሁለቱም ዞሩ።

«እዚህ መጥቼ አላውቅም። ፎቶውን ለማንም አላሳየሁም። ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ... ከዚያ ዝም ብዬ ደህና ነው ብለዋል አልሁ። እርስዎ ምንም አላሉም።»

አቶ መርስዔ ኀዘን በረጅሙ ተነፈሱ። አልተቆጧትም። አያቷ ብረቱን መልሰው ሊጠቀልሉ ሞከሩ፤ ፎጣው ከእጃቸው ወደቀ። ሔራን አንሥታ ብትሰጣቸውም አላዩዋትም። ከወንበሩ ተነሥተው ጎንበስ አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራዎት ድረስ መጥቼ አዋረድሁዎት።»

«ኧረ ግድ የለም፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ አቶ መርስዔ ኀዘን እየደገፏቸው።

ሔራን ቢመቷት ትመርጥ ነበር። አያቷ ለሰው እንዲህ ሲጎነበሱ አይታ አታውቅም።

በባጃጅ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ አያቷ ቆሙ።

«አንቺ ወደ ቤት ሂጂ። ለገድሉ እኔ እነግረዋለሁ።»

ባጃጁ ገና አልሄደም። ሾፌሩ ሌላ ሰው ይጠብቃል። ሔራን ባጃጁን አየችው።

«አይ አባባ» አለች። «እኔ ልንገረው።»

አያቷ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ገድሉ ነቅቶ ነበር። «አገኛችኋቸው? ምን አሉ ሰውየው?» አላት።

ሔራን በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጋሼ» አለች፤ «ብትቆጣም እስክጨርስ ስማኝ።»