ቀጥ ብሎ የወረደው መስመር

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ በዚህ ክፍል ውስጥ ግራፍ ሳይዙ መራመድ በጥብቅ የተከለከለ ነው!»

የክፍሉ አለቃ የጠቀለለውን ደብተር እንደ መለከት አፉ ላይ ደቅኖ አዋጁን ሲጨርስ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀጭኔ ብቻ አልሳቀችም። ቀጭኔ ያሏት አንገቷን አይተው ነው፤ ዛሬ ግን አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀብራዋለች። ባለፈው የፊዚክስ ፈተና ወድቃለች። የዛሬውንም ከወደቀች ከሳይንስ ክፍል ወጣች ማለት ነው። እናቷ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ «ኢንጂነሯ ልጄ» ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል።

ፈተናው እንዲህ ነው። ወለሉ ላይ፣ ከግድግዳው ጀምሮ፣ ሜትሮች በጠመኔ ተሰምረዋል። ተማሪው አንድ ግራፍ ያወጣል። ግራፉ በየትኛው ሰከንድ ከግድግዳው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ይነግረዋል። እሱ ይራመዳል፤ አለቃው በየሰከንዱ ያጨበጭባል፤ ቲቸር አካሄዱን እየተከተሉ ሰሌዳ ላይ ይስላሉ። ኋላ የተቀመጡት ርዕሰ መምህር ደግሞ ወረቀቱን ተቀብለው ከሰሌዳው ጋር ያስተያያሉ። የመጡት ለተማሪዎቹ አልነበረም፤ አዲሱን መምህር፣ ቲቸርን፣ ሊመዝኑ ነው። የቀድሞው የፊዚክስ መምህር ከእንዲህ ያለ ጉብኝት በኋላ ኮታቸውን አንስተው እንደወጡ ቀሩ።

መጀመሪያ ድቡልቡሉ የሚሉት ልጅ ተጠራ። ግራፉ ወጥቶ የሚወርድ ነበር። አሰብ አደረገና ዴስክ ላይ ወጣ፤ በዚያኛው በኩል ዘጭ ብሎ ወረደ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ ቲቸር።

«ተራራ እኮ ነው ቲቸር!»

«ርቀት ነው እንጂ ምን ተራራ አመጣው! ከግድግዳው ራቅ፣ ከዚያ ተመለስ!»

ርዕሰ መምህሩ የሆነ ነገር ጻፉ። የቲቸር ግንባር በላብ ወዛ።

ቀጥላ ቀጭኔ ወጣች። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት በኋላ ያስጠኗት እኚሁ ቲቸር ናቸው። «መስመሩ ሲጋደም ቆመሻል፤ ሲያዘነብል እየሄድሽ ነው፤ ይበልጥ በቀና ቁጥር ይበልጥ ፈጥነሻል» እያሉ፣ አንዴም ደንቆሮ ሳይሏት። ገብቷታልም። ችግሩ የመጣው ከመግባቱ ነው።

ወረቀቷ ላይ መስመሩ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ተጋደመ፣ ከዚያ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ቀጥ ብሎ ወረደ። አየችው፤ ደግማ አየችው። ቅንጣት ታህል አላዘነበለም። በአንዲት ቅጽበት ሩቅ ናት፤ በዚያችው ቅጽበት ደግሞ ግድግዳው ሥር ናት። ይህን መራመድ የሚችል ጋኔን ብቻ ነው።

ቀና ስትል ዓይኗ ከቲቸር ዓይን ጋር ገጠመ። ወረቀቱን ከትከሻዋ በላይ አሻግረው አይተውታል። በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ማስመሪያቸው የሠሩት ነው። ጠመኔው ጣታቸው መሃል ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ምን ይገትርሻል? መጨረሻው ላይ ሮጥ በያ!» አለ አለቃው በሹክሹክታ።

ብትሮጥ የሰሌዳው መስመር ማዘንበሉ አይቀርም፤ ርዕሰ መምህሩ ከወረቀቱ ጋር አስተያይተው ጉዱን ያገኙታል። ብትናገርም ያው ነው። ሁለቱም መንገድ ቲቸርን ወደ ኮታቸው ይወስዳል። ሦስተኛው መንገድ፣ እንዳልገባት ሆና መቆም፣ ደግሞ እሷን ይወስዳል።

መራመድ ጀመረች። ቀስ ብላ ራቀች። መስመሩ ሲጋደም ቆመች። አለቃው አጨበጨበ። አልተንቀሳቀሰችም። አሁንም አጨበጨበ። ሰሌዳው ላይ የተጋደመው መስመር እየተጎተተ ጠርዙ ጋ ደረሰ፤ መሄጃ አጥቶ እዚያው ቀረ። የቲቸር አፍ ተከፈተ። ተመልሶ ተዘጋ።

«አልቻለችም፤ ደርቃ ቀረች» አለ አንዱ ከኋላ።

ርዕሰ መምህሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ምነው ቆምሽ፣ የኔ ልጅ? ጠፋብሽ?»

እሷ ወረቀቱን ወደ ጀርባዋ አዞረችው።

«እስኪ ወረቀቱን አምጪው።»

ቀጭኔ ወረቀቱን አጠፈችው፤ ደግማ አጠፈችው፤ ጎንበስ ብላ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው።

«አልሰጥም።»

«ለምን?»

«አልሰጥም፤ በቃ።»