ከሰላምታው በኋላ

ፈጠራ ነው የሚል ሰው ካለ አልጣላውም። እኔ ግን ያልደረሰብኝን አልጽፍላችሁም።

ጎባ፣ 1963 ዓ.ም.። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጉሙ እስከ ክሊኒካችን መስኮት ይወርድ ነበር።

ያኔ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበርኩ። ሐኪማችን ዶክተር ገብረ መድኅን ከውጭ አገር ሲመለሱ ባለ ሁለት ጥቅል የድምፅ መቅጃ ቴፕ ይዘው መጡ። ሐዘን የተጫነው ሰው ከአነጋገሩ ይታወቃል ይሉ ነበር። በሽተኛው በየሳምንቱ ይቀዳል። እኔ ደግሞ በአውራ ጣት ተጭነው በሚያስነሱትና በሚያቆሙት የሩጫ ሰዓት፣ ከጥያቄው እስከ መልሱ ያለውን ዝምታ እለካለሁ።

ዝምታው ከሳምንት ሳምንት ከረዘመ ብሶበታል። ካጠረ ተሽሎታል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀው አስጠንቅቀውኛል።

«ሰላምታውን እንዳትለካ። እሱን ሁሉም በቃሉ ነው የሚመልሰው። ከሰላምታው በኋላ ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ጠይቅ፤ ያንን ለካ።»

ሃጂራ ከሪራ መንደር የምትመጣ ማር ሻጭ ነበረች። ልጇ ከሞተባት ወዲህ ከሰው አታወራም ብሎ ያመጣት ታላቅ ወንድሟ ዲማ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ዝምታዋ ዘጠኝ ሰከንድ ነበር። በአምስተኛው አሥራ አራት ደረሰ።

አሥራ አራት ሰከንድ ቀላል ይመስላችኋል? ሰው ፊት ተቀምጣችሁ ቁጠሩት።

ከዚያ እኔ ቸኮልኩ። ሮቤ ከተማ እታለማሁ የምትባል እጮኛ ነበረችኝ። ሃጂራ በምትመጣበት ቀን የሮቤ መኪና የምትነሳው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላምታውን ብቻ ቀዳሁ።

«አካም ጅርታ? ነጋ?» እላታለሁ በኦሮምኛ፤ እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነው ማለት ነው።

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ። አንተስ? ደህና ነህ?»

«ደህና» እልና ቴፑን አጠፋዋለሁ።

መዝገቡ ላይ አንድ ሰከንድ ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ።

ዶክተሩ ቁጥሩን አይተው ደስ አላቸው። ተሽሏታል ብለው መድኃኒቱን አቆሙላት። እኔም አፌን ዘጋሁ።

በመጨረሻው ቀን በሩ ላይ ደርሳ ዞር ብላ አየችኝ። የምትለው ነገር ነበራት... አውቄያለሁ። ሰዓቴን አየሁ። ለዚያ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር ብዬው አላውቅም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዲማ ብቻውን መጣ። የማር ቅሏን ደጃፏ ላይ አስቀምጣ፣ ቅጠሉ ከጉም ብዛት ሁልጊዜ የሚንጠባጠበው ሃረና ጫካ ገብታለች አለኝ። የሪራ ሰው ወጥቶ ቢፈልጋት አልተገኘችም።

«ተሽሏታል አላላችሁም?» አለኝ ቀስ ብሎ።

መዝገቡን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እሱ ሲሄድ በሩን ዘግቼ የመጨረሻውን ቅጂዋን ከፈትኩ። ድምጿን ልስማ ብዬ ነው።

የእኔ ሰላምታ ተሰማ። ከዚያ ዝም...

መልሷ ዘገየ።

መልሼ አጫወትኩት። የሩጫ ሰዓቱን ያዝኩ። አምስት ሰከንድ።

እንደገና። ዘጠኝ።

እንደገና... አሥራ አራት።

የቀዳኋት ፀሐይ በወጣበት ቀን ነበር። ዝምታው ውስጥ ግን ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ይሰማል።

ለመጨረሻ ጊዜ ከፈትኩት፤ ሰዓቱንም አስነሳሁ። ስንት እንደቆየ አላውቅም።

«ነጋ...» አለች በመጨረሻ። «አንተስ? ደህና ነህ?»

እዚህ ላይ የእኔ «ደህና» መምጣት ነበረበት።

አልመጣም።

ጥቅሉ ይዞራል። ውሃው ይንጠባጠባል። ትንፋሿ ይሰማኛል... እየጠበቀችኝ ነው።

«ደህና አይደለሁም» አልኩ በሹክሹክታ።

ከቴፑ ውስጥ «ቀጭ» አለ። የሩጫ ሰዓት ሲቆም የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ክሊኒኩ ያለው አንድ የሩጫ ሰዓት ብቻ ነው። እሱ መዳፌ ውስጥ ነበር... ገና እየቆጠረ።