ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለች ሐኪሟ፣ ዓይኗን ከላቦራቶሪው ወረቀት ሳታነሳ።

«ኧረ የለም!» አለ የልጅቷ አባት። አጠገቡ ወደተቀመጠችው ልጁ በአገጩ እያመለከተ ሳቅ አለ። «የቤቱ ዶክተር እሷ ናት። ከእሷ እጅ ያልወጣ ክኒን አልውጥም።»

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የአባቷ ልብ ከደከመ ጀምሮ ክኒኑን በሰዓቱ የምትሰጠው፣ ሰውነቱ ውኃ እንዳልያዘ ለማየት ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ የምታቆመው እሷ ናት።

«አሁን ያሳሰበኝ ኩላሊትዎ ነው» አለች ሐኪሟ። «ልብ ሲደክም ለኩላሊት በቂ ደም አይደርሰውም። የምንሰጥዎት መድኃኒትም አንዳንዴ ይጫነዋል። ባለፈው ወር ደህና ነበር። ምክንያቱን ካላገኘሁት የልብዎን መድኃኒት ልቀንስ ነው።»

ያንን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት አባቷ ጋደም ማለት አይችልም ነበር። ትንፋሽ እያጠረው፣ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ያነጋ ነበር። እሷም አብራው።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ዶክተር...» አለች ልጅቷ፤ «የጉልበት ሕመም ማስታገሻ እሰጠዋለሁ። አይቡፕሮፌን። በቀን ሦስቴ። ሁለት ሳምንት ሆኖታል።»

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቆሞ ስለሚውል ጉልበቱ አላስቀምጥ ብሎት ነበር። ሕመሙ ቀለል ሲልለት እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር!

«እሱ ነዋ!» ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እነሱ አዞረች። «ይህ ማስታገሻ ኩላሊት ይጎዳል፤ ውኃም ሰውነት ውስጥ ያስቀራል። ለደከመ ልብ አይሆንም። ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። የልብዎን መድኃኒት ለጊዜው አልነካውም፤ ግን ጥቂት ቀን ተኝተው እንከታተልዎት።» ከዚያ ልጅቷን አየቻት። «ባትነግሪኝ ኖሮ ያልሆነውን መድኃኒት ነበር የምቀንሰው።»

አልጋ ከተሰጠው በኋላ አባቷ እጇን ያዘ። «የደበቅኩት እኮ አንቺን እንዳይቆጡሽ ብዬ ነው። ያስገዛሁሽ እኔ!»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ጫማውን አልጋው ሥር አስተካክላ አስቀመጠችና ወጣች።

ቤት ስትገባ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሬዲዮ ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ምሳ አወጣችና በቆመችበት ሁለቴ ጎርሳ ተወችው። ስልኩ ሲጮህ ደነገጠች። የክፍል ጓደኛዋ ናት።

«አንቺ ጉረኛ፣ ዛሬም ከክፍል ፎረፍሽ? የሒሳብ ፈተና እኮ ሰኞ ነው! ምን ሆነሽ ነው?»

«ጉንፋን» ልትል አፏን ከፈተች። ዓመቱን ሙሉ በቀረች ቁጥር የምትለው እሱን ነው።

«አባቴን ሆስፒታል አስተኙት» አለች። «ልቡን ያመዋል። ከታመመ ቆይቷል።»

«እና አሁን ከማን ጋር ነሽ?»

«ብቻዬን።»

«ልምጣ? ግን ቤታችሁን አላውቀውም። አንድም ቀን ነይ ብለሽኝ አታውቂም እኮ።»

ልጅቷ ያልተነጠፈውን የአባቷን አልጋ፣ ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ምግብ አየች።

«ከትምህርት ቤቱ በር ወደ ግራ ነው» አለች። «ጫማ ሰፊው ጋ ስትደርሺ ደውይልኝ። ወጥቼ እቀበልሻለሁ።»