ቁጭ ብሎ መከበር

ሰው በክብር ታስሮ ሲታመም አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። በልብስ ስፌት ቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ትራስ የተደረበበት ወንበር ላይ።

ወንበሩ የአክስቴ ነው። ሙያውን ለሁላችንም ያስተማሩን እሳቸው ስለሆኑ የቤቱ ሰው በሙሉ እትዬ ይላቸዋል። የቤቱ ሥርዓት ደግሞ እትዬ አለመነሳታቸው ነው። መቀስ ሲፈልጉ መቀስ ይመጣላቸዋል፤ ክር ሲያልቅባቸው ክር፣ ሲጠማቸው ውሃ። ገና ጠረጴዛውን ደገፍ ሲሉ «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ አይነሱ» የሚል ድምፅ ከየማሽኑ ይሰማል። እሳቸውም መልሰው ይቀመጣሉ። አለመነሳት ማዕረጋቸው ሆነ።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ያገኘሁት እያነበብኩና እየሞከርኩ ነው። ስለዚህ ወገቤን ሲቆርጠኝና ደረጃ ስወጣ ሳለከልክ «ሥራው ነው፣ ምን ይደረጋል» ብዬ አልተውኩትም። ከቁርጥራጭ ጨርቅ እጅ የምትሞላ ከረጢት ሰፋሁና ምስር ሞላኋት። ጨዋታው እሷን በእጅ ሳይነኩ፣ መሬት ሳያስነኩ፣ በእግር ጎንና በጉልበት እያነጠሩ ማቆየት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከመምታት ይልቅ ከወለል ሳነሳት ነው የዋልኩት፤ ማጎንበሱ ራሱ ስፖርት ሆነኝ። በየምሳ ሰዓቱ ስጫወት ከርሜ ግን ደረጃውን ወሬዬን ሳላቋርጥ መውጣት ጀመርኩ።

እትዬ አልወደዱትም።

«አንቺ ልጅ፣ የደረሰች ሴት ከጨርቅ ጋር ትዘላለች?»

«እግር የተሰጠን ለጫማ ብቻ ነው እንዴ፣ እትዬ?»

«ምላስሽስ ስፖርት አያስፈልገውም።»

ቤቱ ሳቀ። ሜትር ከአንገቱ ስለማይወርድ ሳንቲሜትር የምንለው ጨርቅ ቆራጫችን «ትልቅ ሰው ረጋ ሲል ነው የሚያምረው» ብሎ አከለበት። እትዬም ከረጢቷን ከእጄ ወስደው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉባት።

እግራቸው ግን አልረጋም፤ ማታ ማታ ያብጥ ነበር። ጫማው እምቢ ሲላቸው በነጠላ ጫማ መምጣት ጀመሩ። ተነስተው ይንቀሳቀሱ ስላቸው «ደግሞ ሐኪም ሆንሽ?» ይሉኛል።

አንድ ጠዋት ደረጃው መሀል ላይ ቆመው ቀሩ። የግራ ባታቸው አብጦ፣ ቀልቶ፣ እንደ ካውያ ይፋጃል። እኔና ሳንቲሜትር ደግፈን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው።

«ደም ረግቷል» አለች ሐኪሟ። «ወደ ሳንባ ሄዶ ቢሆን ኖሮ በሕይወት ላያገኟቸው ይችሉ ነበር። ቀኑን ምን ሲሠሩ ነው የሚውሉት?»

«ስሰፋ።»

«በየመሀሉ ይነሳሉ?»

ሳንቲሜትር በኩራት ቀደማቸው። «እኛ እያለን? ለውሃ እንኳን አናስነሳቸውም።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። «ተቀምጦ መዋላቸው ነው ለዚህ ያጋለጣቸው። ማን እንዲህ አድርጉ አላችሁ?»

ሳንቲሜትር የሜትሩን ጫፍ እየጠቀለለ ወለሉን ተመለከተ።

እትዬ መድኃኒታቸውን ይዘው፣ በየሰዓቱ ተነስተው እንዲራመዱ ተነግሯቸው ከረም ብለው ወደ ሥራ ተመለሱ። ትልቁን መቀስ ፈልገው ጠረጴዛውን ደገፍ ከማለታቸው ግን የለመደ አፍ ሁሉ አንድ ላይ ተከፈተ። «ኧረ እርስዎ አይነሱ።» እትዬም ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። መቀሱን አንስቼ፣ ራሳቸው ሄደው እንዲያነሱት፣ ማዶ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«ባለጌ» አለችኝ አጠገቤ ያለችው ሰፊ። ይሁን፤ ባለጌ መባል አክስት ከመቅበር ይቀላል።

እትዬ ግን ቆመው ቀሩ። ትንሽ አሰቡና መሳቢያቸውን ከፍተው ከረጢቷን አወጡ።

«ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ» አሉኝ። «እየተደገፍኩ፣ ቀስ እያልኩ ከሆነ ይቻላል ብላለች። በይ እስቲ፣ ምላሳሟ፣ አሳዪኝ።»

እስከ መተኮሻው ጠረጴዛ ተራመዱ። እሱን እንደያዙ ከረጢቷን ወደ እግራቸው ጎን ጣል አደረግኩላቸው። ሳቷት። ሳንቲሜትር ሊያነሳላቸው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ።

«ተው» አሉት። «እኔው ላንሳት።»

ጠረጴዛውን በአንድ እጃቸው ጨብጠው ዝቅ አሉ። ትንፋሻቸው ይሰማል። ማሽኖቹ ሁሉ ቆመዋል። እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ዝም ብለን ማየት ነበረብን፤ እንደዚያ የከበደን ሥራ የለም። በመጨረሻ ከረጢቷን ይዘው ቀና አሉ።

«ድገሚው» አሉኝ።

እግራቸው ዛሬም ማታ ማታ ያብጣል፤ ስጋቱም ከቤታችን አልወጣም። አሁን ግን ውሃቸውን ራሳቸው ይቀዳሉ፤ በምሳ ሰዓትም ከረጢቷን አንድ ሁለቴ ያነጥራሉ፤ ቀሪውን ጊዜ ሲያነሷት ይውላሉ።

እናንተም የምትወዱት ትልቅ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ወንበር መሳቡን አትተዉ። ግን ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዛችሁ አትመልሱት። አጠገቡ ቁሙና ይነሳ።