የቀትሩ ዋስ

አላምንም የምትሉ አትመኑ። ለእናንተ እምነት ብዬ አይደለም የምጽፈው።

እዚህ ቻናል ላይ የሚያስፈራው ነገር ሁሉ ሌሊት ነው። ሌሊት በር ተንኳኳ፣ ሌሊት ጥላ አየሁ... የከተማ ልጆች! ቀትርን ማን አስተማራችሁ?

የእኔ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ግንቦት 1966 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም።

ቸኮል እባላለሁ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ያኔ ስምንተኛ ማለት ከዛሬው ዲግሪያችሁ ይበልጣል።

ደሴ ያለ አንድ ባንክ ጸሐፊ ፈልጎ አመለከትኩ። ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ከደብዳቤው ግርጌ ግን አንዲት መስመር ነበረች፦

«መሬት ያለውና ግብር የሚከፍል ዋስ ያቅርቡ።»

ዋስ!

አጎቴ ግራዝማች ወልደ ገብርኤል ዘንድ ሄድኩ። የእናቴ ወንድም ነው። መሬቱ ከወንዝ ወንዝ ነው። ደጁ ላይ ግማሽ ቀን አቆመኝ።

«እኔ ለፈንታሁን ፈርሜያለሁ» አለኝ በመጨረሻ።

ፈንታሁን የምስለኔው ልጅ ነው። ሁለት ጊዜ የወደቀ፣ ንፍጡን በወጉ የማይጠርግ ደደብ።

«እኔ እኮ የእህትዎ ልጅ ነኝ» አልኩ።

«እሱስ አልጠፋኝም» አለና ቁልቁል አየኝ። «ጫማህ ይመሰክራል።»

አሽከሮቹ ሳቁ።

ያን ሳቅ ሃምሳ ዓመት ይዤዋለሁ። በዓመቱ መሬቱ ሲወረስ ደጁ ድረስ ሄጄ መልሼለታለሁ፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ቤቴ ገብቼ ሳጥኔን ከፈትኩ። ከሥር አንዲት የታጠፈች ወረቀት ነበረች።

የአያ አሻግሬ የግብር ደረሰኝ።

አሻግሬ በወግዲ መንገድ ትንሽ ርስት የነበረችው ባላገር ነው። ልክ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ረሃቡ ሰዉን ሲያረግፈው፣ ደጄ መጥቶ ነበር። ቀትር ላይ። ባዶ የእህል መስፈሪያ ቁናውን እንደ ባርኔጣ ራሱ ላይ ደፍቶ።

«ቸኮል ልጄ... ነጋዴው ጀብሪል አንድ ቁና ገብስ በብድር እሰጥሃለሁ፣ ዋስ ጥራ አለኝ። ይኸው ደረሰኜ። አንተ ፊደል ቆጥረሃል፣ አንብብለት። ዋስ ሁነኝ።»

«ለደሀ ዋስ የሚሆን ሌላ ደሀ ነው» አልኩት። «እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ።»

ቁናውን አይቼ ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ያስቅ ነበር።

እሱ አልተቆጣም። «እንግዲያስ ወረቀቷ አንተ ዘንድ ትቀመጥ፣ እኔ ዘንድ ትቀደዳለች» አለና ሄደ።

ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴ መጠለያ ሲወርድ ኩታበር አጠገብ ቀረ። የቀበሩት ሰዎች ተመልሰው ነገሩን። ከፈን ስላልነበረ ፊቱን በቁናው ከድነው ነው አፈር ያለበሱት።

እንግዲህ ለሞተ ባላገር ማን ይጨነቃል? ደሴ ያለ ሹም መካነ ሰላም ድረስ መጥቶ ሊያጣራ ነው?

ከደብዳቤው ጋር የመጣውን የዋስትና ቅጽ ሞላሁ። ስሙን ጻፍኩ። ደረሰኙን አያያዝኩ። በፊርማው ቦታ የራሴን አውራ ጣት ወይን ጠጅ ቀለም ነክሬ አተምኩ። የባላገር ጣት ሁሉ አንድ ነው መቼም።

ቅጹን በፖስታ ላክሁት።

ቀለሙ ግን ከጣቴ አልለቅ አለ።

በአመድ አሸሁት። በእንዶድ አጠብኩት። መልቀቁ ይቅር፣ አልደረቀም። በነጋታውም ርጥብ ነበር።

ናቅሁት።

ለቃለ መጠይቁ መለማመድ ጀመርኩ። ቀትር ላይ እናቴ ውሃ ስትወርድ ቤቱ ባዶ ይሆናል። በርጩማዋን ፊት ለፊቴ አስቀምጣለሁ። ጠያቂው መሆኗ ነው። ቀጥ ብዬ እቆማለሁ።

«ስምህ?» እላለሁ በወፍራም ድምፅ።

«ቸኮል፣ ጌታዬ።»

«ሂሳብ ላይ እንዴት ነህ?»

«ጎበዝ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ዋስህ ማነው?»

«አሻግሬ፣ ጌታዬ። ጤነኛ ሰው ነው።»

በሁለተኛው ቀን ስገባ በርጩማዋ ፊት ለፊት አልነበረችም።

እኔ ከምቆምበት ቦታ ጎን ነበረች።

እናቴ ናት አልኩ። መለስኳት።

በሦስተኛው ቀንም ጎኔ ነበረች... ትንሽ ጠጋ ብላ።

በአራተኛው ቀን ልምምዴን ስጨርስ እናቴ አልጣሽ እንስራዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆማለች። አልገባችም።

«ቸኮል...» አለች በሹክሹክታ። «እንግዳው ማነው?»

«የምን እንግዳ? ከራሴ ጋር ነው የማወራ።»

«ስትጠይቅ ሰማሁህ። ስትመልስም ሰማሁህ...»

«እና?»

«ጤነኛ ሰው ነው ስትል የሳቀው ማነው?»

«ጆሮሽም አረጀ፣ እማ» አልኳት።

በርጩማዋን አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

ቀኑ ደረሰ። በእግርም በበቅሎም ተጉዤ፣ የቀረውን በጭነት መኪና ደሴ ገባሁ። በኩታበር ሳልፍ ፊቴን አዞርኩ። ፈርቼ አይደለም። አቧራው ነው።

የባንኩ ኮሪደር ውስጥ አንድ ረጅም አግዳሚ ነበር። ፈንታሁን ጫፉ ላይ ተቀምጧል። ያጎቴን ኮት ለብሷል! እጅጌው ጣቱን ውጦታል። ቀድሞኝ ተጠይቆ ወጥቷል፤ ፊቱን ሳይ እንደወደቀ አወቅሁ። ደስ አለኝ።

ስሜ ሲጠራ የግድግዳው ሰዓት ልክ ስድስት ነበር።

ጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሹሞች። ከፊታቸው ሁለት ወንበር።

አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላው ለምን እንደተቀመጠ አልጠየቅሁም።

ስሜን ጠየቁኝ። ሂሳብ ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። መነጽር ያደረገው ሹም ቅጹን አነሳ።

«ዋስህ ማነው?»

«አሻግሬ፣ ጌታዬ። ጤነኛ ሰው ነው።»

«እናውቃለን» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ተቀምጠው ነበር። ምነው እንዲህ ያሉ ሽማግሌ ሳታበላ አመጣህ?»

«ጌታዬ... የት?»

«ውጣና አስገባቸው።»

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ፈንታሁን ብቻ ነው ያለው። አጠገቡ አግዳሚው ላይ ነጭ አቧራ አለ። የሰው መቀመጫ የሚያህል።

«እዚህ ሰው ነበር እንዴ?» አልኩት።

«ሽማግሌው? ምን ነካህ፣ ካንተ ጋር ገቡ አይደል እንዴ!»

«ከእኔ ጋር?»

«ከኋላህ። ቁና ደፍተው። እኔማ ሰው ሲስቅባቸው ሳይ አፍሬ ቦታ ለቀቅሁላቸው።»

ያ ደደብ አፈረ። እሱ!

ተመለስኩ። ሁለተኛው ወንበር ከጠረጴዛው ተስቧል... ወደ እኔ ወንበር ተጠግቷል።

ባለ መነጽሩ ሹም ባዶውን ወንበር እያየ በአክብሮት ይናገራል።

«አባባ፣ ለዚህ ልጅ ዋስ ይሆናሉ?»

እኔ አንዳች ድምፅ አልሰማሁም።

ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው ጻፈ።

«እሺ ብለዋል» አለኝ። «ሥራው ያንተ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።»

«ምን...?»

«አንተስ ለሳቸው ዋስ ትሆናለህ ወይ ነው የሚሉት።»

በሩን አየሁ። ውጭ ፈንታሁን አለ። መካነ ሰላም አጎቴና አሽከሮቹ አሉ። እምቢ ብዬ ብመለስ የሚስቁት ሳቅ በጆሮዬ መጣ።

«እሆናለሁ» አልኩ።

ባለ መነጽሩ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። እጄን ስዘረጋ አየሁት... ቀድሞ ታትሞበታል። የእኔው አውራ ጣት፣ በወይን ጠጅ፣ ርጥብ። ጣቴን ገልብጬ አየሁ።

ንጹህ ነበር።

የምን ዋስ እንደሆንኩ ሳላነበው ወረቀቱን አንስተው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ሠላሳ ዓመት ባንክ ሠራሁ። የናቁኝ ሁሉ መስኮቴ ላይ ተሰልፈው «ጋሼ» ብለውኛል። አጎቴም፣ ያውም ቆሞ።

ግን በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ አሮጌ ቁና ተደፍቶ አገኛለሁ። ቢሮም ብሆን። ቤትም ብሆን። ዓይኔን ስመልስ ይጠፋል።

ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንደተደፋ ነው።

ዛሬም ግንቦት ነው። ይሄን ስጽፍ ስድስት ሰዓት ሞላ።

ቁናው ወንበሩ ላይ ነው። አልጠፋም።

ዛሬ ግን አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ነው የተቀመጠው፤ ዋሱ እንዲሰፍርለት።