«ጎበዝ» የተባለው ማን ነው?

መምህር ታምሩ በማስጠኛ ክፍሉ፣ ከሰሌዳው ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። የክፍሉ በር እንዳይዘጋ የሚደገፍበት ድንጋይ ደም ነክቶት አጠገቡ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ያለ ገመድ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽዬ ስፒከሩ አለ። ሰሌዳው ላይ «ወይ ይህ ወይ ያ»፣ «ይህ ብቻ ሳይሆን ያም ጭምር» የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ጥንድ ቃላት በሁለት ቀለም ጠመኔ ጽፏቸዋል። ኢንስፔክተር ካሰች ይህን ስታይ አንጀቷ አረረ። በሚዛን ተፈሪ እነዚህን ጥንዶች ልጅ በሚገባው መንገድ የሚያስረዳ እንደ ታምሩ ያለ አልነበረም።

ይበልጥ ያሳረራት ግን የፖሊስ አዛዡ ነው። ሬሳው ሳይነሳ ሔዋንን አስሯታል! ሔዋን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሬሳውን አይታ የጮኸችው እሷው ናት። ነገ ጠዋት የብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገባሉ። በሩ ከተዘጋ የቀረ ቀረ ነው፤ ዓመቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

«ዝናቡ ካባራ በኋላ መምህሩ ሲያስተምር ተሰምቷል። ከዚያ ወዲህ የገባችው እሷ ብቻ ናት» አለ አዛዡ። «ትናንት ደግሞ ‹ምንም አልገባኝም› ብላ ጮኻበታለች።»

«እንግሊዝኛ አልገባኝም ያለ ሁሉ ቢገድል ኖሮ፣ አገር ውስጥ መምህር ይተርፍ ነበር?»

እሱ ግን ስልኩን ይነካካል። ኤዲያ! ካሰች በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች።

ሔዋን እስር ቤት ውስጥ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«ለምን ጮኽሽበት?»

«‹ሁለቱም አይደሉም› ለማለት የሚነገረው ይምታታብኛል፤ ተናደድኩ። እሱ ግን ሳቀ። ‹ነገ ነይ፣ ለብቻሽ አስረዳሻለሁ› አለኝ።»

«ስትደርሺ ድምፁን ሰማሽ?»

«አልሰማሁም፤ ክፍሉ ጭር ብሎ ነበር።»

ካሰች ከዚያ ወደ ቤቱ ባለቤት ወደ እማዋይሽ ሄደች። እማዋይሽ ኮረሪማ ነጋዴ ናቸው፤ በረንዳቸውን ከማስጠኛው ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

«ኧረ ጆሮዬን አደነቆሩት!» አሉ። «እሱ የፊተኛውን ቃል ይጠራል፣ ልጆቹ የኋለኛውን ይጮኻሉ። ካልመለሱለት ንቅንቅ የለም! አሥር ጊዜም ቢሆን ያስደግማቸዋል።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ እፎይ ብያለሁ። ልጆቹ ለፈተናው ተሰናብተዋል። እሱ ብቻውን ይጠራል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ‹ጎበዝ!› ይልና ሌላ ይጠራል።»

«ማን መለሰለትና ነው ጎበዝ የሚለው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! የሚመልስ አልሰማሁም።»

«እርስዎ ጋ ማን ነበር?»

«ብርሃነመስቀል ነዋ። ዝናቡ ሊያባራ ሲል በስብሶ መጣ። ‹ታምሩ እያስተማረ ነው፣ አልረብሸውም› ብሎ ሻይ ጠጣ። ልጅቷ እስክትጮህ ከዚህ አልተነሳም።»

ብርሃነመስቀል የሒሳብ መምህር ነው፤ ማስጠኛውን ከታምሩ ጋር በጋራ ነው የከፈቱት። ካሰች ፈልጋ አገኘችው።

«ሲያስተምር ሰምተሃል?»

«በደንብ! ልጆቹም ሲመልሱለት ነበር።»

«የትኞቹ ልጆች? ተሰናብተው የለም እንዴ?»

«እ… እንደ ወትሮው መስሎኝ ነዋ።»

«ጌጫ ከተማ ላሉት ተማሪዎች ድምፁን ቀድቶ ይልክ ነበር አሉ።»

«አዎ፣ በቴሌግራም የምለጥፍላቸው እኔ ነኝ።»

ካሰች ወጥታ ጌጫ ደወለች፤ ከዚያ ሮጣ አዛዡ ዘንድ ደረሰች። «ልጅቷን ዛሬውኑ ፍታት፣ ንጹሕ ናት!» ብትለው፣ «ጠዋት እናየዋለን» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ምን ይደረጋል! ንዴት ሲያንገበግባት አደረች።

ጠዋት ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አዛዡ ዘግይቶ መጣ። ከእስር ቤት የመጣችው ሔዋን ሰዓቱ እየሄደባት በር በሩን ታያለች።

«እትዬ እማዋይሽ የሰሙት ሕያው ታምሩን አይደለም» አለች ካሰች። «ታምሩ መልስ ሳይሰማ አያልፍም፤ ላልመለሰ ሰውም ጎበዝ አይልም። እንደዚያ የሚያደርገው ለጌጫ ልጆች ሲቀዳ ነው። እነሱ እዚያ ሆነው እንዲመልሱ ፋታ ሰጥቶ ‹ጎበዝ› ይላቸዋል።»

«ታዲያ ማን አጫወተው?» አለ አዛዡ።

«ጌጫ ልጆቹን የሚያሰባስበው ተረፈ የመጨረሻውን ትምህርት ሲጠብቅ ውሎ አልደረሰውም። የታምሩ ስልክ እንደሚያሳየው ቅጂው ለብርሃነመስቀል ተልኮለታል፤ እሱ ግን አልለጠፈውም። ቢለጥፈው ኖሮ የተሰማው ድምፅ ቅጂ መሆኑ ይታወቅበት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጩኸት አይሰማም፤ ያኔ ገደለው። ስፒከሩን አብርቶ ወጣ፤ በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣ በስልኩ አጫወተው። ሔዋን ስትመጣ አይቶ አጠፋው።»

«ውሸት ነው! ሲመልሱለት ሰምቻለሁ!» አለ ብርሃነመስቀል።

«ከአንድ ግድግዳ ጀርባ አብራችሁ ተቀምጣችሁ፣ እሳቸው ያልሰሙትን አንተ ሰማህ?»

ካሰች ስፒከሩን አበራች፤ ወዲያው በብርሃነመስቀል ኪስ ካለው ስልክ ጋር ተገናኘ። ስልኩን ተቀብላ ቅጂውን ስትከፍተው የታምሩ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ጠራ፣ ዝም አለ፣ ከዚያም «ጎበዝ!» አለ።

«በስመአብ!» አሉ እማዋይሽ። «ይኸው ነው! ቃል በቃል ይኸው ነው!»

ብርሃነመስቀል አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ። «የፈተናው መልስ ነው ብዬ ለተማሪዎቹ የሸጥኩትን ሐሰተኛ ወረቀት ደረሰበት። ‹ወይ ለወላጆቻቸው ራስህ ትናገራለህ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። እንደ ተማሪ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ!»

«አንተ ደግሞ ሦስተኛ ፈለግህ» አለችው ካሰች። ወደ አዛዡ ዞረች። «አሁንስ የልጅቷን መፍቻ ወረቀት ፈረምክ?»

ካሰችና ሔዋን የተሳፈሩበት ባጃጅ በጭቃው እየተንሸራተተ ሲደርስ ዘበኛው የዩኒቨርሲቲውን ግቢ በር እየዘጋ ነበር። ካሰች ዘላ ወርዳ እግሯን ከነጫማው በመዝጊያው መሀል ሰነቀረች።

«ሰዓት አልፏል እመቤቴ፣ መመሪያ ነው!»

«እግሬን ቆርጠህ ዝጋው! ይህች ልጅ የዘገየችው በእኛ ጥፋት ነው።»

ዘበኛው ደም ሥሯ የተገታተረውን ፊቷን አየና በሩን ላላ አደረገው። ሔዋን ግን አልገባችም።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

ካሰች ለመዋሸት ቃጣት፤ አልሆነላትም። «አሁን ነው።»

ልጅቷ ወደ ከተማው ዞር አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አንቺ ግቢ» አለቻት ካሰች፣ ጉንጯን በመዳፏ ጠርጋላት። «እኔ ሄጄ ቆሜልሽ አፈር አለብስልሻለሁ።»