ሁለተኛው ሰርቨር

መርማሪው ሲደርሱ የሟቹ ሽማግሌ ፊት በአንሶላ ተሸፍኗል። ምንም እንዳይነካ ስለታዘዘ ደረታቸው ላይ የተለጠፉት የልብ ምት መከታተያ ገመዶች እንኳ አልተነሡም። ልባቸው ቀን ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ቆሟል፤ ነርሶች ክፍል ያለው የማንቂያ ደወል ግን ትንፍሽ አላለም። ደወሉን የሚያዙትን ኮምፒውተሮች፣ የሆስፒታሉን ሰርቨሮች፣ የምትጠብቀው የሟቹ ልጅ «ነርሷ ደወሉን አጥፍታ አባቴን ገደለችብኝ» ብላ ከሳለች።

መርማሪው አንዱን ነገር ካላስደገሙ አይረኩም። ባልደረቦቻቸው እሳቸው በሌሉበት «ጋሽ ድገሙልኝ» ይሏቸዋል።

«ደወሉን አጥፍተሻል?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለች ነርሷ። «ከጠዋት ጀምሮ ዝም እንዳለ ነው የዋለው።»

«ድገሚልኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ዝም እንዳለ ነው።» እንባዋ ቀደማት። «ሁለት ልጆች አሉኝ። ሰው ገደለች ተብዬ ማን ይቀጥረኛል?»

መርማሪው መነጽራቸውን አውልቀው የደወሉን ማጥፊያ ተመለከቱ። አቧራ ተኝቶበታል፤ የጣት ምልክት የለውም።

«ጠዋት የሰርቨሩን ፕሮግራሞች አፕዴት አድርገናል» አሉ የሰርቨር ክፍሉ ኃላፊ። «ግን ሳንሞክር ምንም አንጭንም። መጀመሪያ መሞከሪያው ሰርቨር ላይ ይጫናል፤ ደህና ከሆነ ወደ ዋናው ይሄዳል። ትናንት ተሞክሮ ደወሉ ጮኋል።»

«ማን ሞከረው?»

«የሟቹ ልጅ። እንደሷ ጠንቃቃ የለንም።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ከነርሶች ክፍል አጠገብ ወዳለው የሰርቨር ክፍል ሰበሰቧቸው።

«ልጄ፣ የትናንቱን ሙከራ ድገሚልኝ።»

ደገመችው። መሞከሪያው ላይ የተያያዘው ትንሽ ደወል ጮኸ። «ይኸው!» አለች ነርሷን በዓይኗ እየወጋች።

«አሁን የደወሉን ፕሮግራም የቨርዥን ቁጥር ከሁለቱም አንብቢልኝ።»

«መሞከሪያው አራት ነጥብ ሁለት። ዋናው…» ድምፅዋ ሰለለ። «አራት ነጥብ ሦስት።»

«ማጥፊያው አቧራ ለብሷል፤ ስለዚህ ነርሷ አልነካችውም» አሉ መርማሪው። «ደወሉ ዝም ያለው ከጠዋት ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የአፕዴቱ ነው። ታዲያ ሙከራው እንዴት አለፈ? መሞከሪያው አዲሱን ቨርዥን ስላልተቀበለ! ከሁለት ወር በፊት አንድ ሰው አሮጌው እንዳይቀየር ቆልፎታል፤ ዋናውን ግን አልቆለፈም። ትናንት የተሞከረው አሮጌው ነው፣ ዛሬ የተጫነው አዲሱ።»

«ማነው የቆለፈው?» አሉ ኃላፊው።

መርማሪው ወደ ልጅቷ ዞሩ። ይህን መናገር ለእሳቸውም ከብዷቸዋል።

«የመሞከሪያው ሰርቨር መዝገብ ላይ ምክንያቱ ተጽፏል፤ ‹አራት ነጥብ ሦስት ደወሉን ዝም ያሰኛል። ዋናውንም አሁኑኑ እቆልፋለሁ።› የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ወንበሩን ያዘች። «መሞከሪያውን እንደቆለፍኩ ስልኬ ጮኸ» አለች። «አባትሽ ወድቋል አሉኝ። ሁሉንም ጥዬ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲህ ልቤ እዚህ አልነበረም፤ እሱ አልጋ አጠገብ ነበር።»

 አባቷን ለማዳን ስትሮጥ ጥላው የሄደችው ሥራ ነው እሳቸውን የነጠቃት፤ ከዚህ የከፋ ሐዘን አይገኝም።

«ሲስተር፣ በሐሰት ወነጀልኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ነርሷ ቀርባ ትከሻዋን ያዘች።

«ሌሎቹ በሽተኞች አሁንም ያለ ደወል ናቸው» አለች ልጅቷ። እንባዋን ሳትጠርግ ተቀመጠች፤ ዋናውን ሰርቨር ወደ አሮጌው ቨርዥን መለሰችና ቆለፈችው።

ወዲያው ከነርሶች ክፍል ደወሉ ጮኸ። ነርሷ በልማድ ተፈናጥራ ሮጠች፤ በሩ ጋ ስትደርስ የማን እንደሆነ ገባትና ቆመች። የሽማግሌው ገመዶች እንደተለጠፉ ናቸው። ገብታ ልታጠፋው ስትል ልጅቷ ከወንበሯ ሳትነሣ ተጣራች።

«ተዪው ሲስተር። ትንሽ ይጩህለት።»